ፌስታል የሞላ መሳቢያ፦ ምን ይሠራበታል?

የጎፋዋ፦

ሰላም ጎበዝ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ አጻጻፌ ግን እንደምታውቁት ይረዝማል።

ቤታችን አንድ ሙሉ መሳቢያ ፌስታል አለ። ከመሳቢያው የተረፈው ፍራሽ ሥር ተነጥፏል። እናቴ ፌስታል የሚባል ነገር አትጥልም። አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች፣ ሲደርቅ በሦስት ማዕዘን አጣጥፋ ትሸጉጣለች። ወፋፍራም የቡቲክ ፌስታሎች ደግሞ የክብር ናቸው፤ የሚወጡት ዘመድ ቤት ስንሄድ ብቻ ነው። የኛ ቤት ጉድ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እንዳታስመስሉ።

ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ክምችቱ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሏል። ይዤው ገበያ መውጣት አልፈልግም። መጣልም አልፈልግም። የተጣለው የት እንደሚገባ ክረምት መጥቶ ቱቦው ሲደፈን እያየን ነው። ስለዚህ እዚሁ ቤት ውስጥ የሚያገለግል ነገር ልሥራበት ብያለሁ።

«የቆሻሻ ቅርጫት አልብሺው» እንዳትሉኝ። እሱን ማንም ያውቃል። እጅ የሚያፍታታ፣ ሲያልቅም «ማን ሠራው?» የሚያስብል ነገር ነው የምፈልገው።


ዘንቢል ይመለስ፦

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘንቢል ይዞ መውጣት። እኛ ስናድግ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ዘይት በጠርሙስ ተቀድቶ ነበር የሚመጣው። ሰው ባዶ እጁን ገበያ መውጣት የለመደው ፌስታል ከመጣ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ በፌስታል ጌጥ እንሥራ ትላላችሁ።


የጎፋዋ፦

ጋሼ፣ ዘንቢሉማ ተገዝቶ በር ላይ ተሰቅሏል። እኔ የጠየቅኩት እስካሁን ስላጠራቀምነው ነው። ምን ላድርገው፣ ልብላው?


ባለኪሮሽ፦

የጎፋዋ ልጄ፣ ኪሮሽ ትችያለሽ? ዳንቴል የሠራ እጅ ይሄን በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ፌስታሉን ክር ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም ክር ትሠሪበታለሽ። እኔ ደሴ ሳለሁ የማዳበሪያ ከረጢት እየተረተርን ስፌት እንሰፋበት ነበር። ፌስታል ከሱ ይለሰልሳል፣ እጅም አይቆርጥም።

አሠራሩን ልንገርሽ። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊና አየሩን በመዳፍሽ አስወጪው። ግራና ቀኙ ላይ ወደ ውስጥ የገባው እጥፋት እንዳለ ይቆይ። ከዚያ በቁመቱ ሁለቴ እጠፊው፤ ቀጭን ረጅም ነገር ይሆንልሻል። ከታች የተበየደውን መስመር ቁረጪና አስወግጂ። ከላይ ደግሞ እጀታውን ቁረጪ። እጀታውን እንዳትጥይው፣ ለመሙያ ይሆናል። የቀረውን በአግድም ቆራርጪው። ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፣ ሁለት ጣት ማለት ነው። ስትዘረጊው እያንዳንዱ ቁራጭ ቀለበት ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ቀለበቶቹን ስትቀጣጥይ ቋጠሮ አያስፈልግም። አንዱን በሌላው ውስጥ አሳልፊ፣ ጫፉን መልሰሽ በራሱ ቀለበት ውስጥ አስገቢና ሳቢው። እየነጠቅሽ ከሳብሽው ይበጠሳል፣ በቀስታ ነው። እንዲህ እየቀጠልሽ ልቃቂት አድርገሽ ጠቅልዪው።

ኪሮሹ ወፍራም ይሁን፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ቀጭኑ የዳንቴል ኪሮሽ ፌስታሉን ይበሳዋል እንጂ አይስበውም። ቦርሳ ከሆነ ከታች ከክቡ ጀምሪ። የመጀመሪያው ዙር 6 ዓይን፣ ቀጥሎ 12፣ ከዚያ 18። እንዲህ በየዙሩ 6 ትጨምሪያለሽ። ክቡ ጠርዙ ወደ ላይ ከታጠፈ ጭማሪው አንሷል። ከተንዘላዘለ በዝቷል። የምትፈልጊው ስፋት ላይ ስትደርሺ መጨመሩን ትተሽ ዝም ብለሽ ዙሪ፤ ግድግዳው ራሱ ይቆማል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል። ጥቁሩን ለታች አድርጊው፣ ቆሻሻ አያሳይም። ነጩ ለግድግዳ ይሁን። ቢጫና ሰማያዊ ካለሽ ለጥለት አስቀምጪ። ጥለት የሌለው ነገር እኔ እጅ ላይ አይወጣም።


የጎፋዋ፦

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄን ነበር የምፈልገው። ለአንድ ቦርሳ ስንት ፌስታል ይፈጃል?


ባለኪሮሽ፦

እንደ መጠኑ ነው ልጄ። መካከለኛ የገበያ ቦርሳ 40 ገደማ ይበላል። ጠበቅ አድርገሽ ከሠራሽው ከ50ም ያልፋል። በልቃቂት ሲታይ ትልቅ፣ ሲሠራ ትንሽ ነው። መሳቢያሽ ይጎድላል፣ አታስቢ።


አራዳው፦

ሰዎች ተጨነቃችሁ እኮ። እኛ ሰፈር ፌስታል ከሰል ማያያዣ ነው። ጠቅልለህ ከሰሉ ሥር ትወሽቃለህ፣ ክብሪት ጫር፣ አለቀ። ቡና በአምስት ደቂቃ። ከዚህ የበለጠ ፈጠራ ካለ አምጡ።


ነርሷ፦

አራዳው ወንድሜ፣ በዚህ ነገር አልስቅልህም።

ፌስታል ሲነድ ያንን ጥቁር ጭስ የሚስበው ምድጃው ላይ ያጎነበሰው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ እናት ናት፣ ጀርባዋ ላይ ደግሞ ሕፃን አለ። ፕላስቲኩ በደንብ ስለማይቃጠል ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ላዩ ላይ ያለው የጽሑፍ ቀለምም አብሮ ይነዳል። ከሰሉ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ሰው የሚገድለው እሱ ነው። በዚያ ላይ ፌስታል ትጨምርበታለህ። ቀልጦ የሚንጠባጠበው ደግሞ ቆዳ ላይ ከወደቀ ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው፣ ቶሎ አይላቀቅም። የተቃጠለ የልጅ እጅ አይቻለሁ።

ጭራሮ አለ፣ ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ፣ ወረቀት አለ። በነሱ አያይዝ። ቡናው ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይፈላል።

ሌላም ልጨምር፣ ከመጣሁ አይቀር። ትኩስ ሽሮ፣ ትኩስ ፍርፍር በፌስታል አትቋጥሩ። በተለይ ጥቁሩን ፌስታል ከምግብ አርቁት። ጥቁሩ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከዚህም ከዚያም ተሰብስቦ ዳግመኛ ከቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደያዘ ማንም አያውቅም። ለእንጀራም ቢሆን የተጣራ ንጹሕ ነገር ይሻላል፣ ያውም ከበረደ በኋላ።


አራዳው፦

እሺ ሲስተር፣ ተቀጣሁ 😅 ቆረቆንዳ ፍለጋ ወጥቻለሁ።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከወዲህ ማዶ ሰላም ብያለሁ። የባለኪሮሽን ጽሑፍ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

እዚህ አጠገባችን ዋሽንግተን ዲሲ ከ2010 ጀምሮ በፈረንጆቹ ለአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም ያስከፍላሉ። ሰውን ያስለወጠው ሳንቲሙ አይመስለኝም። ገንዘብ ተቀባይዋ ጮክ ብላ «ፌስታል ይፈልጋሉ?» ስትል ከኋላህ የተሰለፈው ሁሉ ያይሃል። ያ ነው መኪና ውስጥ የጨርቅ ቦርሳ ያስቀመጠን።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። እዚህ ቤተ ክርስቲያንና የአረጋውያን ማዕከል የሚሰበሰቡ ሴቶች እትዬ ባለኪሮሽ የነገሩንን ክር ሠርተው ውጭ ለሚያድሩ ሰዎች ምንጣፍ ይሠሩበታል። የሰው ቁመት ላለው አንድ ምንጣፍ ከ500 እስከ 700 ፌስታል ይገባል። እርጥበት ወደ ላይ አያሳልፍም። ከሲሚንቶው ቅዝቃዜ ይከልላል። ቀላል ስለሆነ ተጠቅልሎ በማንገቻ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ሲቆሽሽ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ትቀጥላለች፣ ሌላዋ ትሠራለች፣ ወሬው አይጠየቅም።

እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ወሰድኳት። አንድ ፌስታል አንስታ በጣቷ ዳሰስ አደረገችና «ይሄማ ስስ ነው፣ የኛ ይሻላል» አለች። እዚያም ፍራሽ ሥር ያስቀመጠችው እንዳለ ገባኝ።


ባለኪሮሽ፦

እናትህን እግዚአብሔር ያኑርልህ። ልክ ናቸው፣ የድሮው ፌስታል ወፍራም ነበር።


ሰፊው ከአውቶቡስ ተራ፦

ኪሮሽ ለማይችሉ እኔ ሌላ ልንገራችሁ። ካውያ ነው።

ፌስታሎቹን እንደ ጨርቅ ማጣበቅ ይቻላል። እጀታና ታችኛውን ትቆርጣላችሁ፣ በጎኑ ትተረትሩታላችሁ፣ አንሶላ ይሆናል። ከ6 እስከ 8 ድርብ ትደራርባላችሁ። ጽሑፍ ያለበት ወደ ውስጥ ይግባ፣ ቀለሙ ወረቀት ላይ ስለሚለቅ ነው። ከሥርም ከላይም የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ይደረግ። ካውያው ወረቀቱን እንጂ ፌስታሉን ፈጽሞ መንካት የለበትም። ከነካው ካውያውን ደህና ሁን በሉት።

ሙቀቱ መካከለኛ ነው፣ ያለ እንፋሎት። አንድ ቦታ አታቁሙት፣ ቀስ እያላችሁ አንሸራትቱት። ገልብጣችሁ በሌላውም በኩል። ቀዳዳ ከወጣ ሙቀቱ በዝቷል። ድርቡ በጥፍር ከተላቀቀ አንሷል። መጀመሪያ በቁራጭ ሞክሩ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የሚንኮሻኮሸውን ስስ ፌስታልና ሲሳብ የሚለጠጠውን ለስላሳውን አትቀላቅሉ። የለስላሳው መቅለጫ ዝቅ ያለ ነው። ቀላቅላችሁ ብትተኩሱት አንዱ ሳይያዝ ሌላው ይኮማተራል።

ሲያልቅ ውሃ የማያሳልፍ ሸራ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። በሲንጀር ይሰፋል፤ ወፍራም መርፌና ረዘም ያለ ስፌት ተጠቀሙ። ስፌቱ ከተቀራረበ መርፌው ራሱ እየበሳ እንደ ቴምብር ጠርዝ ያስቀድደዋል። የሽርጥ ገበር፣ የመኪና ወንበር ልባስ፣ የሳሙና ዕቃ መያዣ ሠርቼበታለሁ። የደብተር ልባስ ግን አንደኛ ነው። መስከረም ላይ ለልጆች ደብተር መሸፈኛ ፕላስቲክ የምንገዛው ለምንድነው? ይሄ ዓመቱን ሙሉ ይይዛል፣ ዝናብም አይፈራም።


ነርሷ፦

መስኮት ይከፈት፣ ልጅ አጠገብ አይኑር። የሚጨስ ከሆነ ወዲያው አቁሙ። መለስለስና መቃጠል የተለያዩ ናቸው።


ሰፊው ከአውቶቡስ ተራ፦

ትክክል ሲስተር። እኔም በረንዳ ላይ ነው የምተኩሰው።


ዘንቢል ይመለስ፦

ሁሉንም አነበብኩት። ሥራው ያምራል፣ አልክድም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል ላይ እገዳ ጥሎ ነበር። ኩርቱ ፌስታል ግን ከዚያ በኋላም በየጉሊቱ ሲበተን ኖረ። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 በፈረንጆቹ ከልክለው አስፈጽመዋል። ኤርትራማ ከሁለቱም ቀድማለች፣ 2005 ላይ። እኛ ገና አሁን ነው የምንነቃው። እና «ፌስታል እንዲህ ያደርጋል፣ እንዲያ ይሠራል» ስንባባል ሰው «እንኳን አልጣልኩት፣ ጨምሬ ልሰብስብ» አይልም ወይ? ጎረቤቴ ለኪሮሽ ሥራ ብላ ከሱቅ አዲስ ፌስታል ገዝታ አይቻለሁ። ይሄ ምን ይባላል?

ደግሞስ ያ ቦርሳ ሲበጣጠስ የት ይሄዳል? ያው ቆሻሻ ነው። ብቻ ቀኑን አራዝመነዋል።


ችግኝ ጣቢያ፦

ጋሼ ጥያቄው ትክክል ነው። የመጨረሻው ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ።

ቀኑን ማራዘም ብቻ አይደለም። 50 ፌስታል ተበታትኖ ሜዳ ላይ ሲሆንና አንድ ቦርሳ ሆኖ ቤት ሲሰቀል አንድ አይደለም። ሜዳ ላይ ያለው ፌስታል ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ይፈረካከሳል። ጠፋ እንላለን እንጂ አልጠፋም፣ ደቆ አፈር ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከብት ያገኘዋል። በበዓል በግ አርዳችሁ ጨጓራው ውስጥ የተጠቀለለ ፌስታል ያላገኛችሁ እስኪ እጅ አውጡ። በጉ ጨው ወይም የምግብ ሽታ አግኝቶበት ይውጠዋል፣ ጨጓራው ግን አይፈጨውም። እየተጠራቀመ ቦታ ይይዛል፣ ከብቱ የጠገበ ይመስለዋል፣ ይከሳል። አንድ ላይ ተጠርዞ የተሠራ ወፍራም ነገር በግ አይውጥም፣ ንፋስም አይወስደው፣ ቱቦም ውስጥ አይሾልክም። ሲያረጅም አንድ ቦታ ነው የሚገኘው። ሰብሳቢ የሚቀበለው ከሆነም ንጹሕና የተሰበሰበ ነው የሚፈልገው።

አዲስ ገዝቶ መሥራቱ ግን እብደት ነው፣ እዚያ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ።

የኔንም ልንገራችሁ፣ ሥራዬ ስለሆነ። ፌስታል ለችግኝ ይሆናል። ትንሹን ፌስታል ታች ማዕዘኖቹ ላይ ቀዳዳ አብጁለት። አፈር፣ ብስባሽና አሸዋ ቀላቅላችሁ ሙሉት። ስትሞሉ መሬት ላይ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አጥቅጥቁ፣ አለበለዚያ ውሃ ስታጠጡ ይሰምጣል። ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለጎመን ችግኝ ይበቃል። ወፍራሙን የቡቲክ ፌስታል ጠርዙን ወደ ውጭ ገልብጣችሁ በረንዳ ላይ ብታቆሙት ሰላጣና ቆስጣ ይበቅልበታል።

የምለምናችሁ ስትተክሉ ፌስታሉን አውጡት። 2011 ላይ አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የማየው ነገር አለ። ሰው ችግኙን ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል። ሥሩ መውጫ ያጣና እዚያው ውስጥ ይጠማዘዛል። በሁለተኛው ዓመት ዛፉ ቆሞ ይደርቃል፣ ሰው «አፈሩ ነው» ይላል። ወይ ደግሞ ፕላስቲኩን ያወጡና እዚያው ተራራው ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ታጥቦ በሚቀጥለው ዓመት ያገለግላል።


ባለኪሮሽ፦

ወንድሜ ልክ ብለሃል። የዘንቢልን ነገር ደግሞ እኔም እስማማለሁ። አዲስ ፌስታል ገዝቶ ኪሮሽ መሥራት ትርፉ ድካም ነው። ጥጥ እያለ!


አባ ቢኒ፦

ልጆች ያላችሁ ስሙኝ። እኔ ኳስ ነው የምሠራው።

ሁላችንም ያደግንበት የካልሲ ኳስ ነው፣ አዲስ ነገር አላመጣሁም። ልዩነቱ መሃሉ ላይ ነው። በጨርቅ ብቻ ከተሞላ ይከብዳል፣ ዝናብ ላይ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ይሆናል። ፌስታሉን አንድ በአንድ አጥብቃችሁ እየጠቀለላችሁ መሃሉን ሥሩ፣ በላዩ ትንሽ ጨርቅ፣ ከዚያ ካልሲ። ካልሲውን አፉ ላይ ጠምዝዛችሁ መልሳችሁ በራሱ ላይ አልብሱት፣ እንዲህ እስኪያልቅ። መጨረሻውን በሲባጎ ስፉት። ፌስታል የበዛበት ኳስ ይነጥራል። የኔ ልጅ የተገዛለትን ኳስ ትቶ በሱ ነው የሚጫወተው፤ መስኮት ስለማይሰብር እናቱም ወዳዋለች።

ለሴቷ ደግሞ የገመድ ዝላይ ጎነጎንኩላት። ረጃጅም ቁራጭ አድርጋችሁ በሦስት ሹሩባ ነው። በየመሃሉ አዲስ እየቀጠላችሁ ስትሄዱ ቅጥያው ሦስቱም ጋ አንድ ቦታ ላይ አይግጠም፣ እዚያ ላይ ይሳሳል። ፌስታል ቀላል ስለሆነ ገመዱ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ አይዞርም። መሃሉ ላይ አሮጌ የጫማ ክር አብሬ ጎነጎንኩበት፣ ተስተካከለ።

ሰዎች ለአልጋም ለጭነትም ገመድ ከማዳበሪያ ከረጢት ሲገምዱ ታያላችሁ። ከፌስታል የተገመደ ግን ዕቃ አትሸከሙበት፣ ይለጠጣል።


አራዳው፦

ወይኔ የካልሲ ኳስ! አባ ቢኒ አስለቀስከኝ። ከሰሉን ትቼ ወደዚህ ሥራ ዞሬያለሁ።


ዱባይ ነኝ፦

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እኔ ከዚህ ሁሉ ጥበብ አንዱንም አልችልም። ሻንጣ ማሸግ ግን ጠይቁኝ።

ዱባይ በ2022 ሐምሌ ላይ በፈረንጆቹ ለፌስታል 25 ፊልስ ማስከፈል ጀመሩ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ከነአካቴው አገዱት። ስለዚህ እኔ ጋ ያለው የድሮ ቅርስ ነው፣ በቁጠባ ነው የምጠቀመው። ወደ አገር ቤት ስሄድ ስኒና ብርጭቆ የምጠቀልለው በሱ ነው። ፌስታሉን አየር ሞልታችሁ አፉን ቋጥሩና በዕቃው መሃል ወሽቁት፣ እንደ ትራስ ይይዛል። አውሮፕላን ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል ግን ሙሉ አትንፉት፣ ግማሹ ይበቃል። ለጀበና ደግሞ አፉ ውስጥ የተጨማደደ ፌስታል ሙሉ፣ አንገቱን ከሌላ ፌስታል በተጎነጎነ ነገር ዙሩት። ጀበና ሁልጊዜ የሚሰበረው አንገቱ ላይ ነው።

ስመለስ በርበሬና ሽሮ ይመጣል። በርበሬ በአንድ ፌስታል አይታመንም። መጀመሪያ ንጹሕ የምግብ ከረጢት፣ በላዩ ሁለት ፌስታል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተቋጥሮ፣ ቋጠሮዎቹ በተለያየ አቅጣጫ። አንዴ የጓደኛዬ ነጭ ሸሚዞች በሙሉ በርበሬ ለብሰው ደርሰዋል። የአየር ማረፊያው ሠራተኛ ሻንጣውን ከፍቶ አስነጠሰ አሉ።


የጎፋዋ፦

ሆዴን ያዝኩ በሳቅ 😂

እሺ፣ የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ስሱን ነጭና ሰማያዊ ለኪሮሽ ለየሁት። የሚለጠጠው ለካውያ፣ የወንድሜ ልጆች ደብተር ይሆናል። የቡቲኮቹ በረንዳ ላይ ቆስጣ ሊተከልባቸው ነው፤ እናቴ ይሄን ስትሰማ «የክብሩን ፌስታል አፈር ልትሞይው?» ብላ ተቆጥታለች፣ ድርድር ላይ ነን። ጥቁሩን ምን እንደማደርገው አላወቅኩም። ስስ ነው፣ ይሸታል፣ ገና ስነካው ይቀደዳል።


ባለኪሮሽ፦

ጥቁሩ ሲሸት እጠቢውና ለመሙያ አድርጊው ልጄ። የመከዳ ሆድ ውስጥ ማንም አያየውም። ሰው የሚቀመጥበት መከዳ ከሆነ ግን ቆራርጠሽ ሙዪው። እንዳለ ከከተትሽው በተነሡ በተቀመጡ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። እኔ በአንድ ወቅት ለሳሎን ሠርቼ እንግዳ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁሉም ዞሮ ያይ ነበር።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እትዬ፣ ለመቁረጥ ቀላል መንገድ አለ? የኔ መቀስ በአሥረኛው ፌስታል ላይ ይደነዝዛል።


ሰፊው ከአውቶቡስ ተራ፦

እኔ ልመልስ። አራት አምስት ፌስታል ደራርበህ፣ በሁለት ብረት ማስመሪያ መሃል አጥብቀህ ይዘህ በምላጭ ቁረጥ። ከሥር ካርቶን አድርግ። መቀስ ከሆነ የጨርቁ ትልቁ መቀስ ነው እንጂ የወረቀት አይሆንም። ወረቀት የሚቆርጥ መቀስ ጨርቅ ቤት አይግባ፣ ይሄ ለሁሉም ነው።


ዘንቢል ይመለስ፦

እሺ ተሸነፍኩ አልልም፣ ግን ልጠይቅ። ባለቤቴ ይሄን ክር አይታ «ዘንቢል ይሠራበታል ወይ?» አለችኝ። ዘንቢል ማለቴ እጀታው ድንችና ሽንኩርት የሚችል፣ አምስት ኪሎ ተሸክሞ የማይለጠጥ ነው። አባ ቢኒ ይለጠጣል ብሏል እኮ።


ባለኪሮሽ፦

ይሠራል እንጂ ጋሼ። ግድግዳው ቢለጠጥም ችግር የለውም፣ እጀታው ነው ጉዳዩ። እጀታውን ከላይ ቀጥለው አይንጠልጥሉት። ከአንዱ ጎን ተነሥቶ በታች በኩል ዞሮ በሌላው ጎን የሚወጣ አንድ ወጥ ጥብጣብ ያድርጉት። የማዳበሪያ ከረጢት ጠርዝ ወይም የአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ ይሆናል። ክብደቱን የሚሸከመው ጥብጣቡ ነው፣ ኪሮሹ ዕቃው እንዳይወድቅ ብቻ ይይዛል። ጥብጣቡ ከታች የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሁለት ረድፍ ይስፉት። ክሩንም ለዘንቢል ሲሆን ሰፋ አድርገው ይቁረጡት፣ 6 ሴንቲ ሜትር።


የጎፋዋ፦

እትዬ፣ ለኔም የመጨረሻ ጥያቄ። ሲቆሽሽ እንዴት ይታጠባል?


ባለኪሮሽ፦

በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና፣ በእጅ። በረኪና አያስፈልገውም፣ ሙቅ ውሃም ቅርፁን ያበላሸዋል። ዘቅዝቀሽ ጥላ ውስጥ አንጠልጥዪው። ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ይደርቅና መሰነጣጠቅ ይጀምራል፣ ችግኝ ጣቢያው እንደነገረን። ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ከኖረ ዓመታት ያገለግልሻል። ትኩስ ድስት ብቻ አታስቀምጪበት።


ዘንቢል ይመለስ፦

ባለቤቴ 6 ሴንቲ ሜትሩን በማስመሪያ እየለካች ነው። እኔ ቆራጭ ሆኜ ተመድቤያለሁ።